አሮጌ የእንጨት ምድጃ ያለ መመሪያው ማደስና መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒሶታ ውስጥ የገዛነው ቤት አሮጌ ነው። ቤዝመንቱ ጥግ ላይ አንድ የብረት ምድጃ ተቀምጦ ነበር። መመሪያ የለውም። ስም የተጻፈበት ሰሌዳም የለውም። በመጀመሪያው ክረምት በረዶው ከብዶ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያንን ምድጃ እያየሁ አደርኩ። ላነደው ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም። በረዶው ቀልጦ ግድግዳውን ስንከፍት አለመድፈሬ እንዳተረፈን ገባኝ። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ተራ የጭስ ቧንቧ በእንጨት ግድግዳ መሃል አሳልፎ ኖሯል። በቧንቧው ዙሪያ ያለው እንጨት ከሰል ሆኗል። ስነካው እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ምድጃው ራሱ ግን ደህና ነበር። አጸዳሁት፣ አደስኩት፣ በወጉ ተገጠመ። ይኸው እስከ ዛሬ ያሞቀናል። ከዚያ ወዲህ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ወዳጆች "እኛም ቤት አንድ አለ፣ ምን እናድርገው?" እያሉ ይደውሉልኛል። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ልኬቶቹ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበትን ኤንኤፍፒኤ 211 የተባለውን የምድጃና የጭስ ማውጫ ደረጃ የተከተሉ ናቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመሪያው ከሌለኝ መግጠም እችላለሁ?

ይቻላል። መመሪያ ከሚነግራችሁ ነገር ዋናው፣ ምድጃው ከግድግዳ፣ ከወለልና ከኮርኒስ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ነው። በላቦራቶሪ የተፈተነ ምድጃ ርቀቱ በፈተናው ይወሰናል፤ ሰሌዳው ላይም ይጻፋል። ሰሌዳም መመሪያም ከሌለ ምድጃው እንዳልተፈተነ ይቆጠራል። ላልተፈተነ ምድጃ ደግሞ ደረጃው ራሱን የቻለ ርቀት አስቀምጧል። ርቀቱ ሰፊ ነው፤ ቦታ ይበላል። ግን ግልጽ ነው። ስለዚህ መመሪያ ጠፋ ማለት በግምት ይገጠማል ማለት አይደለም። ከሁሉም የጠበቀውን ሕግ ትከተላላችሁ ማለት ነው።

ሰው ሲደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቀው ብረቱ ነው። "ዝጓል፣ አርጅቷል" ይለኛል። ብረት ብዙ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ከብረቱ ጀርባ ያለው ግድግዳና ከላዩ ያለው ጭስ ማውጫ ነው።

የምን ምድጃ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። የፈተና ሰሌዳ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። "ዩኤል 1482" የሚል ካለበት ለእንጨት ምድጃ በወጣው ደረጃ ተፈትኗል ማለት ነው፤ ርቀቱንም እዚያው ታገኙታላችሁ። ሰሌዳው በጥቀርሻ ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ በቀስታ ጥረጉት። በሽቦ አትፈትጉት፤ ጽሑፉ ይጠፋል።

ሰሌዳ ከሌለ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ፈልጉ። የበሩ ውስጠኛ ገጽ፣ የአመድ መሳቢያው ፊት፣ የላይኛው ክዳን ሥር፣ ጎኑ። ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈሰው ብረት፣ ሲሠራ ስምና ቁጥር አብሮ ይወጣበታል። አሜሪካ ቤቶች ውስጥ ከሚገኙት አሮጌ ምድጃዎች ብዙዎቹ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የተገዙ ናቸው። ያን ጊዜ የማሞቂያ ዘይት ሲወደድ ሰው ወደ እንጨት ተመለሰ። ኦሪገን ውስጥ የተጀመረው ፊሸር የተባለው ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ምድጃ የዚያ ዘመን ነው። ፓፓ ቤር፣ ማማ ቤር፣ ቤቢ ቤር የሚባሉት የእሱ ናቸው፤ አስመስለው የሠሩትም ብዙ ናቸው። ቬርሞንት ካስቲንግስ በ1975 ተጀመረ። ከኖርዌይ የሚመጣው ዮቱል ደግሞ ከ1853 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ ረጅሙ 118 ቁጥር በየቤቱ አለ። ስሙን ካገኛችሁ የድሮ መመሪያው ኢንተርኔት ላይ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል። አንድ ማታ ሰጥታችሁ ፈልጉ፤ ድካሙን ይክሳል።

ሕጉስ ይፈቅድልኛል?

ይህን ሳታጣሩ ብርም ጉልበትም አታውጡ። አሜሪካ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ ኢፒኤ፣ ለምድጃዎች የጭስ ገደብ ያወጣው በ1988 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ የጭስ ማረጋገጫ የለውም። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ማረጋገጫ የሌለውን ምድጃ መሸጥም፣ በነጻ መስጠትም፣ መግጠምም ክልክል ነው። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ልብ በሉ። ኦሪገን ውስጥ ከነሐሴ 2010 መጀመሪያ ወዲህ ቤት ሲሸጥ እንዲህ ያለው ምድጃ ተነቅሎ መውጣት አለበት። በጣም ጥንታዊ ለሆኑና ለማብሰያ ምድጃዎች የተለየ አያያዝ ሊኖር ስለሚችል፣ የከተማችሁን የሕንፃ ክፍል ጠይቁ።

ቀጥሎ ፐርሚት፣ ማለትም የከተማውን የመግጠሚያ ፈቃድ፣ አውጡ። ብዙ ወገን ፐርሚት ሲባል ገንዘብ ለመቀበል የመጣ ጣጣ ይመስለዋል። እኔ ግን የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ባየልኝ ቀን ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ከዚያ ለቤት ኢንሹራንሳችሁ ደውሉ። ሳታሳውቁ ገጥማችሁ ቤቱ ቢቃጠል ካሳ ላለመክፈል ምክንያት ሰጣችኋቸው ማለት ነው።

ሦስት ቦታ ላይ ጥያቄም የለውም፤ አይሆንም። መኝታ ክፍል ውስጥ አይገጠምም። መኪናና ቤንዚን ያለበት ጋራዥ ውስጥ አይገጠምም። ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ሞባይል ሆም የምንለው፣ ለእሱ ተብሎ የተፈተነ ምድጃ ብቻ ነው የሚቀበለው።

ዝጓል። አብቅቶለታል?

ከላይ የሚታይ ቀይ ዝገት ምንም ማለት አይደለም። መታየት ያለበት ሌላ ነው። ማታ መብራት አጥፉ። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ምድጃው ውስጥ አስቀምጡና በሩን ዝጉ። ከዚያ ዙሪያውን እየዞራችሁ እዩ። ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ሁሉ አየር ይሾልክበታል። በመጋጠሚያው በኩል ከሆነ ይጠገናል። በብረቱ መሃል ከሆነ ተሰንጥቋል።

ቀጥላችሁ ጎኖቹ መጉበጣቸውን በቀጥ ያለ ጣውላ ለኩ። የጎበጠ ብረት ድሮ ከመጠን በላይ ነድዶበታል ማለት ነው። የበሩን ማጠፊያና እጀታ አወዛውዙ። በእግሮቹም ላይ እጃችሁን ጭናችሁ ግፉት፤ መንገዳገድ የለበትም። የላሜራ ምድጃ ከሆነ ወለሉንና የኋላ ታችኛውን ጥግ በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። አመድ እርጥበት ይዞ ተኝቶበት ከከረመ ብረቱ ከውስጥ ሳስቷል፤ ድምፁ ይለያል።

የተሰነጠቀ ጊዛ ይበየዳል?

ይበየዳል፣ ግን ማንም ብየዳ የሚችል ሰው አይሠራውም። ጊዛ ቀድሞ መሞቅ፣ ኒኬል ባለው ኤሌክትሮድ መበየድ፣ ከዚያ በጣም በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት። አለዚያ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። የእሳት ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ረጅም ስንጥቅ ካለ የእኔ ምክር ለጌጥ አስቀምጡት ነው። በላዩ አበባ ይደረግበት። የውስጥ ፍርግርግ ወይም ተነቃይ ሳህን ከሆነ የተሰነጠቀው፣ መለወጫው ብዙ ጊዜ ይገኛል።

በሳህኖቹ መጋጠሚያ መሃል ያለው ሲሚንቶ ረግፎ ከሆነ ግን ሥራው ቀላል ነው። አሮጌውን ፍቃችሁ አውጡ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ቦታውን ትንሽ አርጥቡ፣ ፈርነስ ሲመንት ተብሎ የሚሸጠውን እሳት ቻይ ሲሚንቶ ሙሉበት። ተራ ሲሚንቶ አይሆንም፤ ሙቀቱ ያፈርሰዋል።

ዝገቱን በምን ላንሳ? ምንስ ልቀባው?

የሽቦ ብሩሽ፣ የድስት መፈተጊያ ሽቦ፣ ብርጭቆ ወረቀት። ይኸው ነው። የጠነከረ ዝገት ያለበትን ትንንሽ ክፍል አቼቶ ውስጥ አሳድራችሁ በማግስቱ ፈትጉት፤ ከዚያ በደንብ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት። ማስክና መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ልጆች ባሉበት ክፍል አትሥሩት።

ለቀለም፣ ለምድጃ ተብሎ የተሠራውንና እስከ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚችለውን ብቻ ተጠቀሙ። ለመኪና ወይም ለበር የሚቀባው ይነዳል፣ ይሸታል፣ ይላጣል። ቀለሙ ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ ቢቀባ አንዴ በወፍራሙ ከመቀባት በጣም ይሻላል። በጣም ያረጀ፣ ጌጥ የተቀረጸበት ጊዛ ከሆነ ግን ቀለም ባትቀቡት እመርጣለሁ። ግራፋይት ያለበት የምድጃ ፖሊሽ በጨርቅ እየተወለወለ ሲገባበት ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አስቤስቶስ (ሙቀት የሚከላከል፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ ቁስ) ይኖርበታል?

ሊኖርበት ይችላል። በ1970ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩት ውስጥ የበሩን ዙሪያ የሚዘጋው ገመድ፣ ማለትም ጋስኬቱ፣ እና ከኋላ የሚለጠፈው ግራጫ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ነበር። ዓይን አይለየውም። አሮጌ ነጭ ወይም ግራጫ ገመድ ካያችሁ አለበት ብላችሁ ያዙት። ደረቁን አትፋቁት፣ በማሽን አትሞርዱት፣ አቧራውን በቤት ቫኪዩም አትሳቡት። ቅንጣቱን ላቦራቶሪ ማስመርመር ይቻላል። ካለበት ለሙያተኛ ስጡት። ሳንባ መለዋወጫ የለውም።

የበሩ ጋስኬት መቀየር እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

ባንድ ዶላር። ብሩን በበሩና በአፉ መካከል አድርጋችሁ በሩን ቆልፉ። ከዚያ ሳቡት። ያዝ አድርጎ ካስቸገራችሁ ጥሩ ነው። ሽው ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ላልቷል። ዙሪያውን በሙሉ እንዲሁ ሞክሩ።

ገመዱ ከመስታወት ጭረት የተፈተለ ነው፤ በውፍረት ይሸጣል። አሮጌውን አውጥታችሁ ጎድጓዳ መስመሩን በሽቦ አጽዱና ስፋቱን ለኩ። ለገመድ የሚሆነውን ማጣበቂያ ቀብታችሁ፣ ገመዱን ሳትጎትቱ አስተኙት። ከተጎተተ ይቀጥናል፤ ቀጥኖም አይዘጋም። እኔ መጀመሪያ የሠራሁትን ጎትቼው እንደገና ማውጣት ነበረብኝ። መኪና የሠራ ሰው ጓርኒሲዮን ሲበላሽ ሞተር ምን እንደሚሆን ያውቃል። ይህም እንዲያው ነው፦ አየር በማይፈለግበት ከገባ እሳቱን መቆጣጠር አትችሉም።

ውስጥ ያሉት ጡቦች ተሰባብረዋል። ግዴታ ናቸው?

አዎ። ብረቱን ከእሳቱ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በብዛት የሚገጥማችሁ ልክ 9 በ4 ተኩል ኢንች ሆኖ ውፍረቱ 1 ኢንች ከሩብ ነው። ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ያለበት ጡብ ቦታው ላይ ከቆመ ይሠራል። የተሸራረፈውን ለውጡ። ተራ የግንብ ጡብ አታስገቡ።

ከግድግዳ ምን ያህል ይራቅ?

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ።

ያልተፈተነ ምድጃ ሊቀጣጠል ከሚችል ነገር ሁሉ በየአቅጣጫው 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ከጎን፣ ከኋላ፣ ከፊት፣ ከላይ። ካናዳ ላላችሁ ደግሞ ከጎንና ከኋላ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ነጠላው የጭስ ቧንቧ ከሚቀጣጠል ነገር 18 ኢንች፣ 46 ሳንቲ ሜትር ይርቃል።

"ግድግዳዬ እኮ ጅብሰም ቦርድ ነው፣ አይነድም" የሚለኝ ብዙ ነው። ጅብሰሙ ፊቱና ጀርባው ወረቀት ነው። ከኋላው ደግሞ የእንጨት ቋሚ አለ። ሙቀቱ ጅብሰሙን አልፎ እንጨቱ ጋ ይደርሳል። እንጨት ደግሞ ለዓመታት ደጋግሞ ሲሞቅ ይለወጣል። ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ድሮ በማይነድበት ሙቀት ይነዳል። የእኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው። "20 ዓመት ስናነድበት ምንም አልሆነም" የሚለው ማጽናኛ የማይሠራው ለዚህ ነው። ሃያው ዓመት እንጨቱን ሲያዘጋጅ የቆየ ነው። ጅብሰሙ ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ሴራሚክ ወይም ድንጋይም ርቀቱን አይቀንስም። ያምራል እንጂ ሙቀቱን ያሳልፋል።

ርቀቱን የሚቀንሰው አየር ነው። 24 ጌጅ የሆነ ላሜራ፣ ማለትም 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከግድግዳው 1 ኢንች ርቆ ሲቆም 36ቱ ኢንች ወደ 12 ይወርዳል። ሁኔታው ግን ይህ ነው፦ ላሜራው ከታችም ከላይም ክፍት ይሁን፣ ቀዝቃዛ አየር ከሥር ገብቶ የሞቀው በላይ እንዲወጣ። አርቀው የሚይዙት ቁርጥራጮች የማይነዱ ይሁኑ። ከምድጃው ትይዩ ባለው ቦታ ላይም ብሎን አይምታ፤ ብሎኑ ሙቀቱን ይዞ ወደ እንጨቱ ይገባል። በላሜራ ፋንታ 4 ኢንች የሚሆን ግንብ ከግድግዳው ርቆ ቢሠራም ያው 12 ኢንች ይሆናል። ግንቡ ያለ አየር ክፍተት ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ግን 24 ኢንች ነው የሚፈቀደው። ከ12 ኢንች በታች ግን፣ የፈለገውን ያህል መከላከያ ቢደረግ፣ ላልተፈተነ ምድጃ አይፈቀድም። ኮርኒሱ ራሱን የቻለ ስሌት አለው፤ እሱን ለተቆጣጣሪው ተዉት።

ሶፋ፣ መጋረጃ፣ የማገዶ ቅርጫት፣ የልብስ ማስጫም ያው 36 ኢንች ነው። መከላከያ የላቸውምና።

ወለሉስ?

ሲሚንቶ ወለል ሆኖ ከሥሩ እንጨት ከሌለው ምንጣፉን አንሱና ቀጥሉ። የእንጨት ወለል ከሆነ የሚወስነው የእግሩ ቁመት ነው። እግሩ 6 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቢያንስ 2 ኢንች ውፍረት ያለው ጡብ ተጠጋግቶ ይነጠፍና በላዩ 24 ጌጅ ላሜራ ይደረጋል። ከ2 እስከ 6 ኢንች ከሆነ 4 ኢንች ብሎኬት ያስፈልጋል። ብሎኬቱ ተኝቶ፣ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ገጥመው አየር ከዳር ዳር እንዲያልፍ ሆኖ ይደረደራል፤ ላሜራው በላዩ ይሆናል። እግሩ ከ2 ኢንች በታች ከሆነ እንጨት ወለል ላይ በጭራሽ አይቀመጥም። ንጣፉ ከምድጃው በሁሉም አቅጣጫ 18 ኢንች ይውጣ። በር ሲከፈት የሚፈናጠር ፍም ይኖራልና።

ቧንቧውን እንዴት ልቀጥለው?

ውፍረቱ ከምድጃው አንገት ጋር እኩል ይሁን፤ አይጥበብ። ለተለመደው 6 ኢንች ቧንቧ 24 ጌጅ ብረት ያስፈልጋል። ዚንክ የተቀባውን የቆርቆሮ ቱቦ አትግዙ። ሲግል ጎጂ ጭስ ያወጣል።

የተሸበሸበው ጫፍ ወደ ምድጃው፣ ወደ ታች ይዙር። ይህን ብዙ ሰው ተገልብጦ የተሠራ ይመስለዋል። ጭሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው ብሎ ያስባል። ጭሱስ ይሄዳል፤ ቀዝቅዞ የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽ ግን ወደ ታች ነው የሚወርደው። ጫፉ ወደ ታች ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ይቀራል። ከተገለበጠ በየመጋጠሚያው ወጥቶ ምንጣፋችሁ ላይ ይንጠባጠባል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በ3 ብሎን ይያዝ። የተጋደመ ክፍል ካለ ወደ ጭስ ማውጫው በየ1 ጫማው ሩብ ኢንች ከፍ እያለ ይሂድ። ክርን የመሰለው መታጠፊያ ከሁለት አይብለጥ።

አሁን ዋናው። ነጠላ ቧንቧ በግድግዳ፣ በኮርኒስ፣ በቁም ሣጥን ወይም በጣሪያ ሥር አያልፍም። አበቃ። ግድግዳ ወይም ኮርኒስ የሚያልፈው ክላስ ኤ የሚባለው፣ ዩኤል 103 ኤችቲ የሚል ምልክት ያለው ሙቀት ከላካይ ጭስ ማውጫ ነው፤ ያውም ለእሱ ከተሠራው ማሳለፊያ ጋር። ዋጋው ከምድጃው ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። የእኛ ቤት የቀድሞ ባለቤት የቆጠበው እዚሁ ላይ ነበር።

ቤቱ የድሮ የጡብ ጭስ ማውጫ አለው። በእሱ ልጠቀም?

ሳይታይ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ምድጃ ሲለወጥ ወይም ቤት ሲሸጥ ጭስ ማውጫው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለውን ምርመራ ማለፍ አለበት። ሙያተኛው ካሜራ አስገብቶ ከላይ እስከ ታች ያያል። ውስጡ ያለው የሸክላ ሽፋን ተሰንጥቆ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይኖር ሊገኝ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጡ ይለቀቅበታል። አሮጌ ጭስ ማውጫ ብዙ ጊዜ ለምድጃው ከሚፈለገው በላይ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ውስጥ ጭስ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ ጥቀርሻ ይሆናል። ቱቦው ይህንንም ይፈታል። የጋዝ ማሞቂያና የእንጨት ምድጃ በአንድ ማውጫ አይጋሩ።

ከጣሪያ በላይ ያለው ቁመት ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 3 ጫማ ይሁን። በ10 ጫማ ዙሪያው ካለው ከማናቸውም ነገር ደግሞ በ2 ጫማ ይብለጥ።

የመጀመሪያውን እሳት እንዴት ላንድድ?

ትንሽ። በጣም ትንሽ። ጭራሮና ወረቀት ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ይቀዝቅዝ። በሌላ ቀን ትንሽ ጨምሩ። በሦስተኛው ትንሽ ጨምሩ። አዲሱ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ጊዛም ድንገተኛ ሙቀት አይወድም። ከተቻለ መጀመሪያውን ደጅ አውጥታችሁ አንድዱት። ቀለሙ ሲበስል ያጨሳል፣ ይሸታል። ቤት ውስጥ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው አይኑር።

ሁለት ሦስት ሰዓት በደንብ የሚያነዱበት ቀን ሲደርስ ከኋላ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ንኩ። እጅ አስቀምጦ ማቆየት ካልተቻለ አጥፉ፤ ርቀቱ ላይ ስህተት አለ።

ሁልጊዜስ ምን ያህል ይንደድ?

ቧንቧው ላይ በማግኔት የሚለጠፍ ቴርሞሜትር ግዙ። ከምድጃው 18 ኢንች ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉት። ከ120 እስከ 240 ዲግሪ ሴልሺየስ መሃል ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በታች ጥቀርሻ እየሠራችሁ ነው። ከዚያ በላይ ሲያልፍ አየሩን ቀንሱ። ምድጃው ቀይ ሆኖ መታየት የለበትም።

ማታ ላይ ምድጃውን ሞልቶ አየሩን ጥርቅም አድርጎ መተኛት የተለመደ ነው። እሳቱ እስከ ንጋት ይቆያል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየታፈነ ያጨሳል። የገጠር ቤት ጣሪያ ሥር የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ የምታውቁ፣ ያው ነገር ቧንቧ ውስጥ ሆኖ አስቡት። ልዩነቱ ይህኛው ክሪዮሶት ነው፤ ራሱ ማገዶ ነው። ሲቀጣጠል ጭስ ማውጫው ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እንደ ባቡር ያገሳል። ያን ጊዜ በሩንና አየሩን ዘግታችሁ ሁላችሁም ውጡ፤ 911 ደውሉ። ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይጠረግ። ባይደርስም በዓመት አንዴ ይታይ።

ማንኛውም እንጨት ይሆናል?

አይሆንም። "ከደረቅ ጋር እርጥብም ይነዳል" ይባላል። ይነዳል፤ ሙቀቱን ግን ውሃውን ሲያተን ይጨርሰዋል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ አለ፤ ፍልጡን እንደገና ፍለጡና አዲሱን ፊት ለኩ። ከተፈለጠ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ኦክ ከሆነ ሁለት ዓመት ያህል መቆየት አለበት። ቀለም የተቀባ፣ መድኃኒት የተነከረ፣ የተጣበቀ ጣውላ አይነድበትም። ከሰልም አይነድበትም።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ የግድ ነው?

የግድ ነው። በየፎቁና በየመኝታ ክፍሉ ደጃፍ። የከሰል ማንደጃ አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው ስላልነቁ ሰዎች ያልሰማ አበሻ የለም። የገደላቸው ይኸው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ ወዲያው ውጡ። የኩሽና ጭስ ሳቢና የልብስ ማድረቂያ ሲሠሩም አየር ከቤት ስለሚያወጡ፣ ጭሱን ወደ ቤት መልሰው ሊስቡት ይችላሉ። ምድጃው ሲያጨስ መጀመሪያ እነሱን አጥፉ።

አመዱን የት ልጣል?

ክዳን ባለው የብረት ባልዲ፤ ባልዲው ደጅ፣ ከቤትና ከእንጨት በረንዳ ርቆ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ጠዋት ገልጠው እሳት ያወጡ ነበር። አመድ እሳት ይጠብቃል። ረመጡ እስከ 4 ቀን ሊቆይ ይችላል። ወረቀት ከረጢት ወይም ፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የገባ አመድ ቤት አቃጥሏል።

ቡና ይፈላበታል?

ይፈላበታል። ላዩ ጠፍጣፋ ከሆነ ድስትም ይችላል። የሸክላ ጀበና ግን በቀጥታ የጋለ ጊዛ ላይ አታስቀምጡ፤ ይሰነጠቃል። ከሥሩ የብረት መቀመጫ አድርጉለት፣ ውሃ ሳይኖርበት አትጣዱት፣ እሳቱ ገና ሲጀምር አብሮ ይሙቅ። የእኛ ጀበና በጠርዙ በኩል፣ ከቧንቧው ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። በዚያ በኩል ሙቀቱ ለዘብ ይላል፤ ሦስተኛው እስኪቀዳም አይገነፍልም።